ከዚያው ካርቶን

ማናልሞሽ ክፉ ነገር ገና ሳይመጣ የሚታያት ሴት ነበረች። ሰማዩ ሲያጉረመርም የቤቷ ቆርቆሮ ሲነቀል ይታያታል። ልጇ ይትባረክ ወደ ሚዛን ሲሳፈር፣ ሸኮ ጠመዝማዛው ላይ መኪናው ሲንከባለል ይታያታል። ጎረቤቶቿ «ማኑዬ፣ አንቺ እኮ ሞትን ከነቤት ቁጥሩ ታውቂዋለሽ» እያሉ ይቀልዱባት ነበር፤ እሷም አብራ ትስቅ ነበር። ያላሰበችው ነገር በመጣ ቀን ግን ሳቋ አብሮ ሄደ።

ይትባረክ ከቴፒ መናኸሪያ ጀርባ ትንሽ የብረት ሥራ ቤት ነበረው። መሣሪያው ሁሉ የድሃ መሣሪያ ነው። መዶሻው በሁለተኛው ምት ከእጀታው ይወጣል፤ መፍቻው ሦስት ቡሎን ከፈታ በኋላ አፉን እንደከፈተ ይቀራል፤ መጋዙ ብረት ሊቆርጥ ገብቶ የራሱን ጥርስ አራግፎ ይወጣል። በእነዚህ መሣሪያዎች ነው እንግዲህ ልጁ ከተማው ያወራለትን ጄኔሬተር የሠራው። የናፍጣ ሞተሩን ከተዘጋ ወፍጮ ቤት፣ ዲናሞውን ከአሮጌ ብረት ክምር አገኘ። ሁለቱን በተጣለ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ አሰረና በቺንጋ፣ በላስቲክ ቀበቶ፣ አገናኛቸው። የመብራቱን ኃይል መለኪያ ስላልነበረው አንድ አምፖል ከላይ አንጠለጠለ፤ አምፖሉ ሲገረጣ ሞተሩን ያስጮኸዋል፣ እንደ ወተት ሲነጣ ያበርደዋል። በሞተሩ በሌላው ጎን ደግሞ ክብ መሳያ ድንጋይ የሚዞርበት ዘንግ ገጠመ፤ ለእሱም የራሱን ቺንጋ አበጀለት። አንዱ ሞተር አምፖል ያበራል፣ ብረትም ይስላል።

የመጀመሪያው ድንጋይ ሲያልቅ ይትባረክ ከጴጥሮስ ሱቅ ሁለት ገዛ። ጴጥሮስ በገበያው ዳር ትልቁ የመሣሪያ ነጋዴ ነው፤ በቤተ ክርስቲያኑ የተከበረ፣ አፉ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው። በዚያ ሰሞን ከሱቁ በር ላይ አንድ ካርቶን መሳያ ድንጋይ አስቀምጦ በርካሽ ይሸጥ ነበር።

ይትባረክ አንዱን ገጠመ። በሦስተኛው ቀን ድንጋዩ እየዞረ ሳለ ፈነዳ። ማናልሞሽ ጓሮ ቃሪያ እየለቀመች ነበር። ድምፁን ሰምታ ስትሮጥ፣ ልጇ ተንበርክኮ በሁለት እጁ ፊቱን ይዞ አገኘችው። በጣቶቹ መሐል ደም ይወርዳል።

«እማዬ፣ ሞተሩን አጥፊው» ነበር ያላት።

ጅማ ድረስ ወሰደችው። ቀኝ ዓይኑ አልተመለሰም።

ነገሩ ለሽማግሌ ቀረበ። አቶ ብርሃነመስቀል በረንዳ ላይ ተሰበሰቡ። አቶ ብርሃነመስቀል ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ከተማው ውስጥ የሳቸው ቃል አይታለፍም። ማናልሞሽ የድንጋዩን ስብርባሪ በነጠላ ጠቅልላ ይዛ ሄደች። ጴጥሮስ ስብርባሪውን በጣቱ ጫፍ ገፋ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ።

«ወንድሞቼ፣ በጌታ ፊት ነው የምናገረው። እኔ ነጋዴ ነኝ። ካርቶን እከፍታለሁ፣ እሸጣለሁ። ይሄ ድንጋይ ጤነኛ ይሁን በሽተኛ በምን አውቃለሁ? ድንጋይና የትናንት ዳቦ ጎን ለጎን ብታስቀምጡልኝ እኮ፣ ነክሼ ካልሆነ መለየት አልችልም!»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አቶ ብርሃነመስቀልም ሳይቀሩ አፋቸውን በእጃቸው ከለል አድርገው ሳቁ። ከዚያ «የማያውቀውን ሰው በምን እንከሰዋለን? የእግዜር ቁጣ ነው፤ ተሳሳሙና ይቅር ተባባሉ» ተባለ። ይትባረክ፣ ግማሽ ፊቱ በፋሻ እንደታሰረ፣ ተነሥቶ የጴጥሮስን ትከሻ ሳመ። ማናልሞሽ ግን ከመቀመጫዋ አልተነሣችም። ያ ሳቅ ጆሮዋ ውስጥ ገብቶ በዚያው ቀረ።

ከሳምንት በኋላ የቡና እርሻው መካኒክ ጋሽ ገሠሠ ልጇን ሊጠይቁ መጡ። ሁለተኛውን ድንጋይ፣ ያልተገጠመውን፣ ጥግ ላይ አይተው አነሡት። ጣታቸውን በመሐሉ ቀዳዳ አስገብተው አንጠለጠሉትና በካቻቢቴ የእንጨት እጀታ ጎኑን ነካ አደረጉት። «ድብ» አለ፤ እንደ ስንጥቅ ገንቦ።

«ሰማሽ ማናልሞሽ? ጤነኛ ድንጋይ እንደ ደወል ነው የሚጮኸው። ይሄ ውስጡ ተሰንጥቋል፤ የሆነ ቦታ ወድቆ ይሆናል። እንዲህ አድርጎ ያንኳኳ ሰው አይገጥመውም። የብረት ሠሪ ምስጢር ነው፤ ልጅሽ የሚነግረው ሰው አላገኘም።»

«ነጋዴውስ አያውቀውም?»

«እሱ ከየት ያውቃል?» አሉ ጋሽ ገሠሠ። «እዚህ አገር ይህን የምናውቅ ሰዎች በጣት እንቆጠራለን።»

ማናልሞሽ አላመነችም። ማስረጃ የላትም፤ ነገር ግን አላመነችም። ድንጋዩን «እጥለዋለሁ» ብላ ወሰደችና በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ ከአልጋዋ ሥር አስቀመጠችው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የንስሐ አባቷ «ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው» ሲሏት «ሳሌን የማውቀው እኔ ነኝ አባ» ብላ ተነሣች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዓይን በዓይን። ጴጥሮስ ያንን ድንጋይ በገዛ እጁ ይዞ በገዛ ፊቱ ፊት እንዲያዞረው።

ይትባረክ ወደ ሥራው ተመለሰ። ድንጋይ አጠገብ ግን አይደርስም፤ ሁሉንም በሞርሳ አስሮ በሞረድ ነው የሚጨርሰው። ለቀኝ ጎኑ እናቱ ዓይን ሆነችለት። ሞተር ማስነሣት፣ ቺንጋ ማጥበቅ፣ ዳዶ መፍታት እሱ ሳያስተምራት ተማረች። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

በዘጠና ሰባት ሚያዝያ የከተማው ትራንስፎርመር ተቃጠለና ቴፒ ሁለት ሳምንት ጨለማ ውስጥ ተቀመጠች። በዚያው ሰሞን ጴጥሮስ ልጁን ትሁትን ሊድር ድንኳን ተከለ። ለመዘምራኑ ኪቦርድና ድምፅ ማጉያ፣ ለሚሪንዳው ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ የሚሸከም ከይትባረክ ጄኔሬተር በቀር በከተማው አልነበረም። ሰው ላከ፤ ይትባረክም እሺ አለ።

«ለሱ?» አለች ማናልሞሽ፣ ጣሳ እንደያዘች። «ለሱ መብራት ልታበራ?»

«ለሙሽራዋ ነው እማዬ። እሷ ምን አደረገችኝ?»

ማናልሞሽ ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ጣሳዋን አስቀመጠች። «እሺ» አለች። «እኔም አብሬህ እሄዳለሁ።»

በሠርጉ ዋዜማ ጄኔሬተሩን ጎትተው ከጴጥሮስ ግቢ ጀርባ፣ የቡና ማስጫ አልጋዎቹ አጠገብ ካለው ዳስ ሥር አቆሙት። በማግሥቱ ጠዋት ይትባረክ ድንኳን ውስጥ ሽቦ ሲዘረጋ እናቱ ብቻዋን ከሞተሩ ጋር ቀረች። መጀመሪያ ከማዳበሪያው ከረጢት ድንጋዩን አወጣችና በባዶው ዘንግ ላይ ገጠመችው፤ ዳዶውንም አጠበቀች። ከዚያ ወደ ዲናሞው ዞረች። ቺንጋው የሚዞርበት ፑሌጃ በዘንጉ ላይ እንዳይሾር የሚይዘው ጣት የምታህል ቁራጭ ብረት አለ፤ መካኒኮች ቻቬታ ይሉታል። እሱን አንኳኩታ አወጣችና ወደ ቡና ገለባው ክምር ወረወረችው። በቦታው የሚስማር ቁራጭ ሸጎጠች። ሚስማሩ አምፖል ይሸከማል፤ ድምፅ ማጉያውና ማቀዝቀዣው ሲጨመሩበት ግን ይቆረጣል።

ቀጥሎ የሚሆነውን ሁሉ አስባበታለች። መብራቱ ይጠፋል። ጴጥሮስ እየተቆጣ ይመጣል፤ በሠርጉ ቀን ነገር ሲበላሽ ሌላ ሰው የሚልክ ዓይነት አይደለም። «ቻቬታ በድንጋይ ስሎ ማበጀት ነው፤ ልጄ ድንጋይ አይነካም፤ እርስዎ ባለ ድንጋዩ ይሞክሩልን» ትለዋለች፤ በሰው ፊት። እምቢ ካለ ውርደቱ ነው። እሺ ካለ ዓይኑ ነው። ሁለቱንም ደጋግማ መርምራ ሁለቱም ደስ አሰኝተዋታል።

ሙሽሮቹ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ድንኳን ሲገቡ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ማናልሞሽ ልጇን ጠራችው።

«ናፍጣው አይበቃም። ከቤት ጀሪካኑን አምጣ።»

«ይበቃል እኮ እማዬ፣ አሁን ነው ያየሁት።»

«ቢያልቅስ? በሰው ሠርግ መሐል ቢያልቅስ?»

ይትባረክ ፈገግ አለ። እናቱ ሁልጊዜ እንዲህ ናት። ጥላውን ይዞ ወጣ።

ዝናቡ በሩቁ ከጫካው በላይ ይታያል፤ ሰማዩ ከብዶ ድንኳኑ ውስጥ አመሻሽ መስሏል። መዘምራኑ ሁለተኛውን መዝሙር ሲያነሡ ሞተሩ አጓራ። ከዚያ ድንገት፣ ሸክም እንደወረደለት አህያ፣ ቀለል ብሎ ሮጠ። ዲናሞው እየቀዘቀዘ ቆመ። አምፖሉ ቀልቶ ጠፋ። ድንኳን ውስጥ የኪቦርዱ ድምፅ ተቆርጦ የመዘምራኑ ባዶ ድምፅ ብቻ ቀረ፤ እነሱም አንድ በአንድ ዝም አሉ።

«እዚህም ፈረቃ ተጀመረ እንዴ!» አለ አንድ እንግዳ፤ ሳቅ ሆነ።

ጴጥሮስ ከረባቱን እንዳደረገ እየተንደረደረ መጣ፤ አቶ ብርሃነመስቀልና ብዙ ሰው ተከትሎታል።

«ምንድን ነው ማናልሞሽ? ምን ሆነ? ሰው ፊት ልታዋርዱኝ ነው?»

«ቻቬታው ተቆርጦ ነው» አለች። ከመሣሪያ ሳጥኑ ወፍራም የብረት ቁራጭ አንሥታ አሳየች። «ይህን ማሳሳት ነው። በሞረድ አንድ ሰዓት፣ በድንጋይ አምስት ደቂቃ። ድንጋዩ ይኸው፣ ሞተሩም ይሠራል። ልጄ ግን ድንጋይ አይነካም፤ ምክንያቱን ያውቁታል። እርስዎ…»

«አምስት ደቂቃ ከሆነ ለእኔ ስጡኝ!»

ሙሽራው ነበር። አዲሱ ይባላል፤ ሚዛን ቴክኒክ ትምህርት ቤት ብረታ ብረት ተምሮ በዚያው የሚያስተምር ልጅ። ኮቱን አውልቆ ለሚዜው ወርውሯል፤ የነጭ ሸሚዙን እጅጌ እየጠቀለለ ነው።

«አንተ! ሙሽራ እኮ ነህ!» አለ ሚዜው።

«ታዲያ? ሙሽራ እጅ የለውም? ትሁት ዛሬውኑ ምን ዓይነት ባል እንዳገባች ትየው!» ሰዉ እልል አለ። አዲሱ ብረቱን ከማናልሞሽ እጅ ተቀበለና ወደ ድንጋዩ ጎንበስ አለ። «እማማ፣ እቺን ቺንጋ ያቀብሉኝ።»

ክፉውን ሁሉ አስቀድማ የምታይ ሴት ይህን አንዱን አላየችም። የሰው ልጅ። የሆነች እናት ልጅ፣ ምናልባት አሁን ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ምግቡ ይበቃ ይሆን እያለች የምትጨነቅ። ማናልሞሽ «አይሆንም» ልትል አፏን ከፈተች። ከአዲሱ ትከሻ ኋላ የጴጥሮስን ፊት አየች፤ በአማቹ ኩራት ፈገግ ብሏል። ያ በረንዳ ላይ የነበረው ፈገግታ ነው። አፏ ተዘጋ። እጇ ቺንጋውን አንሥቶ ሰጠው።

አዲሱ ቺንጋውን በድንጋዩ ፑሌጃ ላይ ጣለ። ሌላኛውን ጫፍ ሊያስገባ እጁን ወደ ሞተሩ ዘረጋ።

ጴጥሮስ ፈገግታው ሳይጠፋ ወደ ድንጋዩ አየ። በድንጋዩ መሐል የተለጠፈውን ቀይ ወረቀት፣ በሱቁ በር ላይ የሸጠውን ካርቶን ምልክት፣ አየ።

«ይሄ ድንጋይ ከየት መጣ?»

«ከሱቅዎ» አለች ማናልሞሽ። «ከዚያው ካርቶን።»

«አዲሱ፣ ተው!» ጴጥሮስ በሰው መሐል ዘሎ የሙሽራውን ክንድ ጎተተ፤ ልጁ ሊወድቅ ተንገዳገደ። «አትንካው! ዞር በል ከዚህ!»

መፍቻ አነሣና ዳዶውን ፈታ። እጁ አልተሳሳተም፤ ወዴት እንደሚዞር ያውቃል። ድንጋዩን ከዘንጉ ሳበ። ጣቱን በመሐሉ ቀዳዳ አስገብቶ አንጠለጠለው። ከሳጥኑ ውስጥ ካቻቢቴ መርጦ፣ ገልብጦ፣ በእንጨት እጀታው ጎኑን ነካ አደረገው።

ድብ።

ትንሽ አዙሮ ደግሞ ነካው።

ድብ።

«ሞቷል» አለ ጴጥሮስ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ከዚያ ቀና ሲል ሰዉ ሁሉ ያየዋል።

ማናልሞሽ ሞተሩን አጠፋችው።

አቶ ብርሃነመስቀል በከዘራቸው ተደግፈው አንድ እርምጃ ቀረቡ። «ጴጥሮስ፣ ምን ማድረግህ ነው? ለምን አንኳኳኸው?»

«መሰንጠቁን ለማወቅ… ጤነኛ ከሆነ ይጮኻል…» ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለ የገባው።

«እሱን ከየት ተማርክ?»

ጴጥሮስ ካቻቢቴውን ወደ ሳጥኑ መለሰ።

«ከየት ተማርክ ነው የምልህ?»

«አዲስ አበባ፣ ነጋዴ ሳልሆን… ወርክሾፕ ውስጥ ሠርቼ ነበር።»

«ድንጋይና ዳቦ አልለይም ብለኸን ነበር። በጌታ ፊት ብለህ። እኛም ሳቅን።» ሽማግሌው ከዘራቸውን ወደ ድንጋዩ ቀሰሩ። «ያንን ካርቶንስ? እሱንም አንኳኩተኸው ነበር?»

«ከመኪና ሲወርድ ወድቆ ነበር» አለ ጴጥሮስ። ድንጋዩ ገና ጣቱ ላይ ተንጠልጥሏል። «አንኳኳሁ። የሚጮኹትን ለይቼ ለትልልቅ ድርጅት ሸጥኩ።»

«የማይጮኹትንስ?»

«በር ላይ አወጣኋቸው። በርካሽ።»

ማናልሞሽ ለዚህ ቀን ብዙ ቃል አዘጋጅታ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ በርበሬ ስትደልዘው የኖረችው ስድብ ነበር። አሁን ሲጠራ የመጣው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

«ልጄ ርካሹን ነበር የገዛው» አለች።

ከድንኳኑ በር ላይ ሙሽራዋ ትሁት ቀሚሷን በሁለት እጇ ከጭቃው አንሥታ ቆማለች። አባቷን ታያለች። ጴጥሮስ ወደ እሷ ዘወር ሲል ቀሚሷን ለቀቀችው።

አዲሱ የተጠቀለለ እጅጌውን እየፈታ ወደ ማናልሞሽ ቀረበ። ሌላ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እማማ፣ ድንጋዩን የገጠሙት እርስዎ ነዎት?» አላት።

ማናልሞሽ ባዶውን የማዳበሪያ ከረጢት በእግሯ ወደ ሻንሲው ሥር ገፋችው።

«ቺንጋውንም የሰጡኝ እርስዎ ነዎት» አለ። ከዚያ ሄደና ከሚስቱ አጠገብ ቆመ።

ይትባረክ ጀሪካኑን በትከሻው ተሸክሞ ሲደርስ ነገሩ በሰው አፍ ከግቢው በር ደርሶ ተቀብሎት ነበር። ጀሪካኑን አስቀመጠ። ጴጥሮስን አየው፤ ድንጋዩን አየው። ይጮኻል፣ ይሰድባል፣ ይመታዋል ብሎ ሰዉ ጠበቀ። ይትባረክ ወደ ዲናሞው ጎንበስ ብሎ ፑሌጃውን አወጣ። ከዘንጉ ቦይ ውስጥ የተቆረጠውን ነገር በጥፍሩ ፈልፍሎ መዳፉ ላይ አስቀመጠው። በአንድ ዓይኑ ለረጅም ጊዜ አየው። የሚስማር ቁራጭ ነበር።

ለማንም አላሳየም። በሸሚዝ ኪሱ ከተተው።

«ሙሽራዋ ጨለማ ውስጥ አትቀመጥም» አለ ጮክ ብሎ። «በሞረድ አበጀዋለሁ። አንድ ሰዓት ስጡኝ። ብርሃን የሚይዝልኝ ሰው ግን እፈልጋለሁ፤ እየጨለመ ነው።»

ሚዜው የጋዝ ፋኖሱን አንሥቶ ሊጠጋ ሲል አቶ ብርሃነመስቀል ከዘራቸውን አግድም ዘረጉበት። «አንተ ተቀመጥ። የሚይዝለት ሰው አለ።» ዘወርም ሳይሉ «ጴጥሮስ» አሉ።

ጴጥሮስ ድንጋዩን ከጣቱ አውልቆ መሬት ላይ አኖረና ፋኖሱን ተቀበለ።

ይትባረክ ብረቱን በሞርሳ አሰረ። ሞረዱ ርካሽ ነው፤ ከሚበላው ብረት ይልቅ የሚንሸራተተው ይበልጣል። ቢሆንም ይሄድና ይመጣል፣ ይሄድና ይመጣል። ዝናቡ ደረሰና የዳሱን ቆርቆሮ ይመታ ጀመር። እንግዳው ወደ ድንኳኑ አልተመለሰም፤ በየቡና አልጋው ሸራ ሥር ተጠልሎ ይመለከታል። ጴጥሮስ በሠርግ ልብሱ፣ ክንዱ እየዛለ፣ ከይትባረክ ቀኝ ቆሟል።

«ጋሽ ጴጥሮስ» አለ ይትባረክ፣ ቀና ሳይል፤ በድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም። «ወደ ግራ ያዙልኝ። በቀኝ በኩል አላይም።»

ጴጥሮስ ተንቀሳቀሰ። ጥቂት ቆይቶ ክንዱ ደክሞት ፋኖሱ ተመልሶ ወደ ቀኝ አዘነበለ።

«ወደ ግራ፣ ጋሽ ጴጥሮስ።»

ማናልሞሽ በሻንሲው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። ሁለት ዓመት የጠበቀችው ይህንን ነበር፤ ጴጥሮስ በልጇ ዓይን ፊት መሬት ሲያይ፣ ሚስቱና ልጁ እያዩት። ጣፈጣት። አትዋሽም፤ ጣፈጣት። ሦስተኛ ጊዜ «ወደ ግራ» ሲባል የጴጥሮስ ክንድ ዝቅ አለና ብርሃኑ ከብረቱ ላይ ሸሸ። ልጇ እንዳይቸገር ተነሥታ ፋኖሱን ልትቀበል እጇን ዘረጋች።

ይትባረክ ሞረዱን አቆመ። ወደ እሷ ግን አልዞረም።

«እማዬ፣ አንቺ ተቀመጪ» አለ። «የሳቸው እጅ ይሻለኛል።»